አንድ ዲግሪ ለሃይግ

ሥራዬ ለአሮጊቷ የሳምንት ፕሮግራም ማውጣት ነው። አሮጊቷ የምንላት ከምድር ርቃ የምትዞረውን የኤክስሬይ ቴሌስኮፕ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሠርታለች፤ ሙቀት አይስማማትም። አንድ አቅጣጫ ብዙ ካየች ጎኗ ስለሚግል እያዟዟርኩ አሳርፋታለሁ። በየሳምንቱ ሦስት ሰው ይፈርማል፣ ትእዛዙ ይላካል፣ ከዚያ ሰባት ቀን ብቻዋን ትሠራለች። ሰዎች «ታድለሽ፣ ስትፈልጊ ሰማይ ታያለሽ» ሲሉኝ ሳቄ ይመጣል። እኔ የማየው ሠንጠረዥ ነው።

ባለፈው ጁላይ ሠንጠረዤ ላይ የሃይግ ተርዚያን ምልከታ ነበረበት። ሃይግ ይህን ሥራ ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት የአንድ የፈነዳ ኮከብ ፍርስራሽ በአሮጊቷ ፎቶ አንስተው ነበር፤ አሁን ያንኑ ደግመው አንስተው፣ ፍርስራሹ ምን ያህል እንደተጓዘ ሊለኩ ነው። ሁለተኛው ፎቶ ከሌለ የመጀመሪያው ብቻውን ምንም አይለካም። ሐኪሞቹ ደግሞ ቆሽታቸው ላይ ካንሰር አግኝተው፣ እስከ ሴፕቴምበር ከቆዩ ትልቅ ነገር ነው ብለዋቸዋል።

ማክሰኞ ላይ አስገባኋቸው። ሰኞ ጠዋት፣ ትእዛዙ ገና ሳይላክ፣ ሌላ ኮከብ መፈንዳቱ ተሰማ። አዲስ ፍንዳታ በሁለት ቀን ስለሚደበዝዝ ሕጉ እሱ ይቅደም ይላል። ስለዚህ የሃይግን ወደ ዓርብ ገፋሁት። ረቡዕም ክፍት ቦታ ነበረ፤ ግን ጎኗ ይግላል ብዬ ፈራሁ። ጥንቁቅ ሴት ነኝ። ጥንቃቄዬ ገደል ይግባ!

ሐሙስ ከሰዓት ፀሐይ ተቆጣች። የጨረር ማዕበል ሲመጣ አሮጊቷ ማንንም ሳትጠይቅ ካሜራዋን ዘግታ ትተኛለች። ዓርብ ተኝታ ዋለች፤ ቅዳሜም። እሑድ ጠዋት ማዕበሉ ሲበርድ፣ ፍርስራሹ ያለበት ቦታ ለፀሐይ ቀርቧል። ከፀሐይ አርባ አምስት ዲግሪ ወዳልራቀ ነገር አናዞራትም። እሱ አርባ አራት ላይ ደርሷል፤ የሚመለሰው ኦክቶበር ነው።

የበረራ ኃላፊያችን ማርቲ ዶናቱን እየበላ ነበር።

«አንድ ዲግሪ ናት፣ ማርቲ።»

«ዶሪን፣ ተይኝ በናትሽ! ዓይኗ ቢጠፋ አንቺ ወጥተሽ መነጽር ታደርጊላታለሽ?»

«ሰውዬው እየሞቱ ነው እኮ።»

ዶናቱን አስቀመጠ። «የአርባ አምስትን ሕግ የጻፉት እሳቸው ራሳቸው ናቸው» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

አውቃለሁ። ሁላችንም እናውቃለን።

ከሰዓት ወተርታውን ከተማ፣ ሃይግ ቤት ሄድኩ። በዚያ ሙቀት ብርድ ልብስ ደርበው በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። ነገርኳቸው።

«ሐሙስ ነው የተዘጋችው?»

«ሐሙስ ከሰዓት።»

«ረቡዕ ቦታ አልነበረም?»

መዋሸት እችል ነበር። «ነበረ» አልኩ።

«አንቺ ሞኝ» አሉ። አልጮኹም። ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ እጄን ያዙ። «አርባ አራት ምንም አያደርጋትም። ያኔ ስጽፈው ትንሽ መጠባበቂያ ጨምሬበታለሁ። ለማርቲ ንገሪው።»

«ለምኜው ነው የመጣሁት።»

«ሃይግ ብሏል በይው።»

በዚያች ቁጥር ስንቱን ፕሮፌሰር አስለቅሰው መልሰዋል! «ሰማዩ የትም አይሄድም፣ ወረፋዎን ይጠብቁ» ይሏቸው ነበር፣ እየሳቁ። አሁን የእኔን እጅ ይዘው ይለምናሉ፤ እኔ ደግሞ በእጄ ምንም የለም። «አይሆንም» አልኳቸው። ራሴን እንደዚያን ቀን ጠልቼው አላውቅም።

እጄን ለቀቁና ብርድ ልብሱን ሳብ አደረጉ።

«እንግዲያው ኦክቶበር አስገቢኝ።»

«አስገብቻለሁ።»

«በስሜ?»

«በስምዎ።»

የምልከታ ባለቤት ከሞተ ስሙ ከሠንጠረዡ ይነሣል፤ ምልከታው ለሌላ ይሰጣል፣ ወይም ጭራሽ ይሰረዛል። የሚወስነው ኮሚቴ ነው። ይህን ለእሳቸው ማስረዳት አያስፈልግም።

«ስሜን እንዳያነሡት፣ ልጄ። ቃል ግቢልኝ።»

ቃል ገባሁላቸው። ኮሚቴው እንኳን ቃሌን፣ ስሜንም አያውቅ።