የዴልመር ለስላሳ ቁንጥጫ

ዴልመር ስታኪ ሁለት ነገር አይሆንለትም ነበር፤ ሴት ፊት ቆሞ የልቡን መናገርና የጥይት ቀለህ አፍ አጥብቆ መቆንጠጥ። የመጀመሪያውን ራሱም ያምናል። ሁለተኛውን ግን ማመን ይቅርና፣ የነገረውን ሰው ሳምንት ያኮርፈዋል።

የጥይቱን እርሳስ ከጎማ ጠጋኝ ቤት ከለቀመው የጎማ ማመጣጠኛ ቁርጥራጭ ራሱ ያቀልጣል፣ ቅርጽ ውስጥ ያፈሳል፣ የንብ ሰም ይቀባል፣ ባሩዱን በሚዛን ይሰፍራል። እስከዚህ ድረስ በሸለቆው የሚስተካከለው የለም። እርሳሱን ቀለሁ ውስጥ ሰክቶ የቀለሁን ከንፈር በመጭመቂያ መሣሪያው አጠፍ አድርጎ ማስያዝ ላይ ሲደርስ ግን እጀታውን የሕፃን ጉንጭ እንደሚዳብስ ዳበስ አድርጎ ይለቀዋል። «እርሳስ ለስላሳ ነው፤ ምን አድርጎኝ ነው የማስጨንቀው?» ይላል።

ኢርማ ቶልማን ይህን ስትሰማ ትስቃለች። ባሏ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኗታል፤ ጥይቷን የምትሞላው ራሷ ናት፤ ስትቆነጥጥ ደግሞ አጥብቃ ነው። «ያልተቆነጠጠ ልጅና ያልተቆነጠጠ ጥይት አንድ ናቸው፤ ሁለቱም በማይወጣበት ሰዓት ይወጣሉ» ትላለች። ዴልመር ሁለት ዓመት ሙሉ ሲከራከራት ኖሯል። የሚከራከራት ስለሚወዳት ነው። ሌላ የማናገሪያ ዘዴ አላገኘም።

በዚያ በኢዳሆ ተራራ ሥር ሰው የጎረቤቱን መጋዝ ይዋሳል፣ መኪናውን ይዋሳል፣ ቢቸግረው ጥርሱንም ሳይዋስ አይቀርም። ሌላ ሰው በእጁ የሞላውን ጥይት ግን አይተኩስም። ዓይንና ጣት የሚያስከፍል ነገር ነውና በሰው እጅ አይታመንም። ከዚህ ሕግ ነጻ የሆኑት ባልና ሚስት ብቻ ናቸው። ስለዚህ ዴልመር በጸደይ ሃምሳ ጥይት በሣጥን ደርድሮ ኢርማ ቤት ሲሄድ ምን ሊል እንደፈለገ ለማንም ግልጽ ነበር። ኢርማ አንዱን አነሳች፣ ጫፉን ጠረጴዛው ላይ ተከለችና በአውራ ጣቷ ገፋ አደረገችው። እርሳሱ ሹልክ ብሎ ቀለሁ ውስጥ ገባ። ሣጥኑን ከድና መለሰችለት።

አሁን ደግሞ ቤቷን ሸጣ ቦይዚ ከተማ እህቷ ዘንድ ልትገባ ነው የሚል ወሬ መጣ። በረዶ ሳይጥል የሚደረገው የመጨረሻው የዒላማ ተኩስ ውድድር ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነበር። ዴልመር ለራሱ ማለ፤ የመጨረሻዋ የብረት ሰሌዳ እንደወደቀች ሽጉጡን አስቀምጦ ይጠይቃታል። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ ዝም ባለ ሰው ቤት ግን ኢርማም አልገባችም።

ተራው ደረሰ። አንደኛውን ሰሌዳ መታ፤ ሁለተኛውንም መታ። ሦስተኛው ላይ ቃታውን ወደ ኋላ ሊስብ ቢል የስድስት ጎራሹ ሽጉጥ መሽከርከሪያ አልዞር አለ።

«ቁም!» አለ የሜዳው ኃላፊ ጌይለን። ሽጉጡን ወደ መሬት አስደፍቶ ጎንበስ ብሎ አየና ሰው ሁሉ እንዲሰማ ጮኸ። «ሽጉጡ በተራገጠ ቁጥር የቀሩት እርሳሶች ወደ ፊት ሲሾልኩ ነበር! ይሄው፣ አንዱ አፍንጫውን አውጥቶ መሽከርከሪያውን ጠርቅሞታል! ዴልመር፣ ይሄን የቆነጠጥከው በጣትህ ነው በቅንድብህ?»

ዳር ላይ ቺሊ የሚሉትን የባቄላና የሥጋ ወጥ ሲበሉ የነበሩት ሁሉ ሳቁ። ዴልመር እስከ ጆሮው ቀላ። ጌይለን ሽጉጡን አራግፎ መለሰለትና፣ «አምስት ደቂቃ አለህ። ሌላ ጥይት ይዘሃል?» አለው።

«ይዣለሁ፤ ግን...»

«እንደዚሁ የተዳበሰ ነው?»

ያን ጊዜ ኢርማ የወረቀት ሳህኗን አስቀምጣ ተነሳች። ቀስ ብላ ሜዳውን አቋርጣ መጣችና የጥይት ሣጥኗን ከፍታ ዘረጋችለት። የሁለቱም ሽጉጥ አርባ አራት ካሊበር ነው፤ ያንዱ ጥይት ለሌላው ይሆናል።

ሳቁ ቀጥ አለ። ጌይለን ባርኔጣውን አወለቀ፤ ለምን እንዳወለቀ እሱም አላወቀም።

«ኢርማ» አለ ዴልመር ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ «ሰው እያየ ነው።»

«እንዲያይ ነው ያመጣሁት።»

«ሰው የሞላውን ጥይት እንደማልተኩስ ታውቂያለሽ። አርባ ዓመት...»

«አውቃለሁ። እጄ ደከመ፣ ዴልመር። ውሰድ ወይ ልክደነው።»

ዴልመር ጥይቶቹን አየ። ከንፈራቸው ዙሪያውን እኩል ታጥፎ እርሳሱን አጥብቆ ነክሷል፤ አንድም የተዛነፈ የለም። ሁለት ዓመት ሙሉ ተሳስቶ ሲከራከር እንደነበር ያን ጊዜ ገባው፤ አፈረም፣ ደስም አለው። አምስቱን ሰሌዳ ከመጀመሪያው ሊጀምር አምስት ቆጥሮ ወሰደ። አጎረሰና ተኮሰ። ሁለቱን ሳተ፣ ሦስቱን መታ፤ መጨረሻ ወጣ። ማንም ውጤቱን አልጠየቀውም።

ዞሮ ፊቷ ቆመ። ከጸደይ ጀምሮ ሲያጠናው የነበረው ንግግር ሁሉ ጠፋበት።

«ጥይትሽ ጥሩ ነው» አለ።

«ይሄን ለማለት ሁለት ዓመት ፈጀብህ?»

«ቦይዚ አትሂጂ። እኔን አግቢኝ።»

«የማንን ጥይት ነው የምንተኩሰው?» አለች።

ዴልመር ለመጨረሻ ጊዜ ትንሽ ታገለ። እርሳስ ለስላሳ መሆኑን ሊነግራት አፉን ከፈተ፤ ከዚያ፣ «ያንቺን» አለ።

«እንግዲያው ቦይዚ ይቅር።» ዓይኗ እንባ አቅርሮ ስልኳን ከኪሷ አውጥታ ደወለችና እጁ ላይ አኖረችው። «በል፣ ክፍሉን አዘጋጅታ ሰኞ የምትጠብቀኝ እህቴ ናት። አንተ ንገራት። የምትጮኸውም አንተ ላይ ይሁን።»