አደራ የተባለ ሻንጣ

ሰው ሲያረጅ ዕቃ ማስቀመጫ ይሆናል። ማንም ሳይጠይቀው ኮቱን ይጥልበትና ይሄዳል። እማማ አደራ ይህን ለሰው ሁሉ ተናግረዋል፤ ሰሚ ግን አላገኙም። ይኸው ዛሬም በአንድ በሚያብረቀርቅ የወንዝ መርከብ የላይኛው ወለል ላይ፣ በቀይ ሻንጣ፣ በኮት፣ በጃንጥላና በማያውቁት ሰው የካሜራ ቦርሳ ተከበው ተቀምጠዋል። መንገደኛው ሁሉ ከተማ ለማየት ወርዷል። የቀሩት እሳቸው ብቻ ናቸው።

ስማቸው የሥራቸው ስም ነው። ዕድሜያቸውን የፈጁት በአንድ የአውቶቡስ መናኸሪያ ውስጥ፣ ከትኬት መስኮቱ ጎን ባለች ጠባብ ክፍል፣ የመንገደኛ ዕቃ ሲጠብቁ ነው። ፊደል አልቆጠሩም። ሻንጣው ላይ ባለቀለም ጨርቅ ያስራሉ፣ የዚያኑ ጨርቅ ቁራጭ ለባለቤቱ ይሰጣሉ፣ አለቀ። የሰው ዕቃ ከፍተው አያውቁም። አደራ ተቀብለው ከቦታቸው ተነስተውም አያውቁም። አንድ ጊዜ እሳት ተነሳ ተብሎ መናኸሪያው ሲተራመስ፣ እሳቸው ከሻንጣዎቹ መሐል ሳይነቃነቁ «እሳቱ ራሱ ይምጣና ያነጋግረኝ» ብለዋል። ከዚያ ወዲህ ነው እማማ አደራ የተባሉት።

በዚያች ክፍል ያላዩት መንገደኛ የለም። መንገዱን ግን አላዩትም። ሰዉ ሻንጣውን ሊወስድ ሲመለስ ያየውን አገር ያወራላቸዋል፤ እሳቸው «እሰይ፣ እንኳን ደስ አለህ» ብለው ቁራጭ ጨርቃቸውን ይቀበላሉ። ስለዚህ ልጃቸው «እማዬ፣ በወንዝ ላይ ሽርሽር ልንወስድሽ ነው» ስትላቸው ለአፋቸው «ምን ቆርጦኝ» አሉ እንጂ፣ በልባቸው ጫማቸውን አጥልቀው ጨርሰው ነበር።

ሽርሽሩስ ምን ይወጣለታል? አውቶቡስ አጥንት ይቆጥራል፤ መርከብ ግን ሰው የሚሄድ አይመስለውም። አልጋ ላይ ጋደም ብለው መጋረጃውን ገለጥ ቢያደርጉት፣ ዛፉ፣ ኮረብታው፣ የሰው ጓሮ ከነልብሱ ከነዶሮው፣ ሊጠይቅ እንደመጣ ዘመድ ተራ በተራ በመስኮት ያልፋል። ሻይ ይዞ የተቀመጠ ሰው ሻዩ ሳይፈስ ሦስት መንደር ያያል። ዳር የቆሙ ሰዎች ደግሞ እጃቸውን ያወዛውዛሉ፣ ሳይተዋወቁ። እማማ አደራ መጀመሪያ ቀን «ማንን ነው?» ብለው ዞረው አዩ። ሁለተኛው ቀን ላይ ከሁሉም ቀድመው የሚያወዛውዙት እሳቸው ሆኑ።

ቆሽታቸውን ያሳረረው መርከቡ ሲቆም ነው። በቆመ ቁጥር አንድ ከተማ አለ፤ በየከተማው ከውኃው የሚነሳ የድንጋይ ደረጃ አለ፤ ከደረጃው በላይ አንድ መንገድ አለና ትንሽ ሄዶ ይታጠፋል። እማማ አደራ እስከ መታጠፊያው ያያሉ። ከመታጠፊያው ወዲያ ያለውን አያዩም። መርከቡ በቆመ ቁጥር የልጃቸው ባል ቀዩን ሻንጣ «እህህ» እያለ ተሸክሞ ያመጣና እግራቸው ሥር ያኖረዋል። ልጃቸው ጎንበስ ብላ፣

«እማዬ፣ አደራ። ከዚህ ሻንጣ እንዳትለዪ» ትላለች።

ይሄን ከተባሉ በኋላ ምን ይበሉ? አደራ ጥብቅ ነው፣ ሰማይ ሩቅ ነው። ይቀመጣሉ። መቀመጣቸውን ያየ ሌላው መንገደኛም «እማማ፣ ይቺንም ጎን ጎኗን» እያለ ያለውን ሁሉ ይከምርባቸዋል። ሲመለሱ ልጃቸው ስልኳን ትዘረጋላቸዋለች።

«ይኸው እማዬ፣ እንዳየሽው ቁጠሪው።»

«የበላሽውን በፎቶ ብታሳዪኝ እጠግባለሁ?»

«አይ እማዬ፣ አንቺ ደግሞ።»

ዛሬም እንዲሁ ተቀምጠው መታጠፊያውን በዓይናቸው ሲጎትቱ፣ ክፍል የምታጸዳው ሴት ፊቷን አጨማድዳ መጣች።

«እማማ፣ ከእናንተ ክፍል ፎጣ ጠፍቷል። አለቃዬ ደግሞ አንቺ ነሽ የጣልሽው እያለኝ ነው።»

«እኛን ሌባ ልትዪ ነው የመጣሽው?»

«ኧረ በስመአብ! ብቻ...» ሴትዮዋ ወደ ቀዩ ሻንጣ አየች። ከዚፑ ጥግ ሰማያዊ መስመር ያለው ነጭ ጨርቅ ምላሱን አውጥቷል። «ይቺ የኛ ፎጣ ትመስለኛለች።»

«የሰው አደራ ነው፤ አይነካም» አሉና ሻንጣውን ወደ ራሳቸው ሊጎትቱ እጃቸውን ሰደዱ። ሻንጣው በአንድ ጣት ተነሳ።

እማማ አደራ ጣታቸውን አዩ። የሻንጣ ክብደት የሚጠፋባቸው ሰው አይደሉም፤ ግን ያ ሰውዬ «እህህ» እያለ ሲያመጣው እጃቸውን ሰድደው አያውቁም። መልሰው አስቀመጡት። እንደገና አነሱት። ወገቡን ጨበጥ አደረጉት፤ ትራስ ነው። ፎጣና ትራስ። መርከቡ በቆመ ቁጥር ከእሳት የጠበቁትን ያህል የጠበቁት ትራስ ነው።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አሉ፣ ለራሳቸው። ቀጥለው ለሴትዮዋ፣ «ከሰዓት በኋላ ትወስጂዋለሽ። እንደተቀበልኩት ነው የማስረክበው። ለአለቃሽ ደግሞ ፎጣው በጥሩ ጠባቂ እጅ ነው በዪው።»

ሴትዮዋ ነገሩ ሲገባት አፏን በመዳፏ ይዛ ሄደች።

ምሳ ላይ እማማ አደራ ሾርባቸውን በማንኪያ ያማስላሉ። የልጃቸው ባል «እማማ፣ ዛሬ ምነው ዝም አሉ? ሾርባው አልጣመዎትም?» ሲላቸው፣ «ወገብህን አሳዘነኝ ልጄ፣ ያን ሻንጣ ስትሸከም» አሉት። ሰውዬው ሳል ያዘው።

ከሰዓት በኋላ መርከቡ የመጨረሻው ከተማ ደረሰ። ከዚህ ወዲያ መመለስ ነው፤ ሌላ መውረጃ የለም። ደረጃው ከሌሎቹ ይረዝማል፤ ከላይ ያለው መንገድም አንድ ቢጫ ግንብ ጋ ይታጠፋል። ሻንጣው «እህህ» እየተባለለት መጣ። ልጃቸው ጎንበስ አለች።

«እማዬ፣ አደራ...»

«ዚፑ ምላሱን አውጥቷል፣ ልጄ። አስገቢለት።»

ልጃቸው ሻንጣውን አየች። ባሏ ወንዙን ማየት ጀመረ።

«እማዬ፣ ስሚኝ...»

«መስማትማ ሰምቻለሁ። ሻንጣ ይመስል አስረሽ ያስቀመጥሽኝ እኔን ነው። ለዚያውም በገዛ ገመዴ።»

«መጀመሪያ ቀን ስንሳፈር እርጥቡ ሳንቃ ላይ ስትንሸራተቺ ነፍሴ ነው የወጣው። ጉልበትሽን አላውቀውም? አትውረጂ ብልሽ እሺ ትያለሽ?»

«አልልም።»

«ይኸው!»

«ታዲያ እምቢ ልልሽ መብቴ አልነበረም? ተጣልተን፣ ተኮራርፈን፣ አሸንፌሽ እወርድ ነበር። አንቺ ግን አደራን አመጣሽብኝ። የማልረግጣት አንዲት ነገር እሷ መሆኗን ታውቂያለሽ፤ ከዚያች ክፍል በወጣች እንጀራ ነው ያደግሽው። ጠላቴ እንኳ በእሷ አልመጣብኝም።»

ልጃቸው ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ብትወድቂስ?»

«ብወድቅ እነሳለሁ። ባልነሳም ያላየሁት አገር ላይ ነው የወደቅሁት።»

ተነሱ። ጉልበታቸው ጠጠር እንዳለበት ጣሳ ተንኳኳ፤ እንዳልሰሙ አለፉት። የልጃቸው ባል ክንዱን ዘረጋላቸው፤ ከላይ እስከ ታች አዩት፣ ያዙት። ሰው እንደልማዱ የከመረባቸውን ኮትና ጃንጥላ፣ የካሜራ ቦርሳውንም ጭምር፣ አንድ በአንድ ከቀዩ ሻንጣ አጠገብ ደረደሩ። ከዚያ ወንበራቸውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት።

«ነይ፣ እዚህ ተቀመጪ።»

«እማዬ፣ እኔም ልከተላችሁ እንጂ...»

«የሰው ዕቃ ለማን ተጥሎ? ክፍል የምታጸዳው ልጅ ፎጣዋን ልትወስድ ትመጣለች፤ በእጇ ታስረክቢያታለሽ፣ ይቅርታም ትጠይቂያታለሽ። እኔ ከቢጫው ግንብ ወዲያ ያለውን አይቼ እስክመለስ ድረስ ከዚህ ወንበር ንቅንቅ እንዳትዪ። አደራ ብዬሻለሁ።»