በመጽሐፉ ውስጥ አለንጋ የለም

የኔታ ገብረ ዮሐንስ ከሃያ ዓመት በፊት ግቢያቸውን ለፊልም ሰጥተው ነበር። ፊልሙ የተሠራበት ልብ ወለድ አሸተን ማርያም ሥር፣ በጎጆ እያደሩ ስለሚማሩ የቆሎ ተማሪዎች የሚተርክ ነው፤ እናቴም እኔም ደጋግመን አንብበነዋል። የመጽሐፉ መምህር ማንንም አይመታም። የፊልሙ ግን ይገርፋል። በቴሌቪዥን በታየ ሰሞን ከጋሸና የመጡ ወላጆች የኔታ ራሳቸው የሚገርፉ መስሏቸው ሦስት ልጆች ከጎጇቸው አስወጥተው ሄዱ።

አሁን ታሪኩ ዳግመኛ ሊቀረጽ ነው። እኔ የፊልሙን ጽሑፍ እከታተላለሁ። የአገሩ ልጅ ነሽ ተብዬ የኔታን እንዳስፈቅድ ተላክሁ።

«ሰርክአዲስ፣ አለንጋውን እንዳታነሺ» አለኝ አዘጋጁ ወንዴ ከተዋናያችንና ከካሜራው ጋር ዳገቱን ስንወጣ። «ሰው የሚያለቅሰው እዚያ ጋ ነው።»

የኔታ መደባቸው ላይ ተቀምጠው ልመናዬን እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«አለንጋ አለበት?» አሉ።

ወንዴ አፈጠጠብኝ። አቀረቀርሁ።

«አለበት፣ የኔታ። ገጽ አርባ ላይ።»

«በቃ፣ ዕቃ እንሸክፍ» አለ ወንዴ።

የኔታ አልተቆጡም። ተማሪውን ሆኖ የሚጫወተውን ምሥጋናውን ጠርተው የብራና ዳዊታቸውን ዘረጉለት። «እስቲ አንብብልኝ።»

ምሥጋናው ጣቱን ፊደሉ ላይ አሳረፈ።

«አንሣ! ላብህን ከብራናው ላይ ማን ሊጠርገው ነው?» ብለው አንዲት ስንደዶ ሰጡት።

ሁለት ወር የተለማመደውን መዝሙር በስንደዶዋ ጫፍ እየተከተለ ጀመረ። ሦስተኛው መስመር ላይ ሳተ። የኔታ ስንደዶዋን ከነእጁ ይዘው ወደ መጀመሪያው ፊደል መለሷት። ሌላ ነገር አላደረጉም። ደገመ፤ ሳተ፤ መለሷት።

«ጢሙን ከማሳደግህ በፊት ይህን ብታጠና ምን አለ?» አሉት። ሳቅን፤ እሱም ሳቀ።

በስድስተኛው ጊዜ ግን አልሳቀም። ዓይኑ እንባ ሞልቶ፣ ድምፁ እየተቆራረጠ ከመጀመሪያው ጀመረ። ቢቆጡት ይቀለው ነበር መሰለኝ።

ወንዴ የያዘውን ሻንጣ መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ሰርዢው» አለኝ ቀስ ብሎ።

ገጽ አርባን አውጥቼ ሰረዝሁ።

«በምን ልትተኪው ነው?» አሉኝ የኔታ። «ጻፊና አንብቢልኝ።»

ያየሁትን ጻፍሁ። በለሆሳስ አነበብሁት፤ ድምፄ ለራሴም በቅጡ አልተሰማኝም። የኔታ ስንደዶዋን ከምሥጋናው ተቀብለው ወረቀቴ አናት ላይ፣ የመጀመሪያው ቃል ሥር አኖሯት።

ጮክ ብዬ ከመጀመሪያው ጀመርሁ። ስጨርስ የኔታ ተነሥተው ደጅ የቀረው ካሜራ እንዲገባ የግቢውን በር ወለል አድርገው ከፈቱት።