አዲስ ያልኩት ብራቾ

ታጋል ፒክአፑን ላዋስ ከተማ ካለው ጋራዤ ያቆመው ሐሙስ ነበር። ቅዳሜ ደጋ ላይ፣ ባ ከላላን በምትባል መንደር፣ የእህቱ ልጅ ታገባለች፤ ቤተሰቡን ወደዚያ የሚያወጣው እሱ ነው። ከስር ገብቼ ሳይ የፊት ግራ ጎማውን ከሻሲው ጋር የሚይዘው የታች ብራቾ ተሰንጥቋል።

"ይሄ ይቀየራል። ዕቃው ከኮታ ኪናባሉ እስኪመጣ ግን ሳምንት ነው" አልኩት።

"ላቦ ወንድሜ፣ ሙሽራዋስ ትጠብቅ ይሆናል፤ አሳማዎቹ ግን ነገ ይታረዳሉ።"

"ቆይ፣ አንድ አዲስ ሳይኖረኝ አይቀርም።"

አልነበረኝም። የዚያ መንገድ ሾፌሮች "ላቦ ጋ የማይገኝ ዕቃ የለም" ይላሉ፤ እኔም ካመኑት አንዱ ነኝ። ስንጥቁን በየድኩት፣ ወፍራም ላሜራ ደረብኩበት፣ ጥቁር ቀለም ቀባሁት። ቀለሙ እስኪደርቅ ራቅ ብዬ ቆሜ ሥራዬን አደነቅኩ። ለታጋልም አዲስ ነው ብዬ አስረከብኩት።

ከሰርጉ ሲመለሱ ቁልቁለቱ ላይ ብራቾው ተበጠሰ። ደግነቱ መኪናው የወደቀው ወደ ገደሉ ሳይሆን ወደ ዳገቱ ነው። የታጋል እናት የእማማ ሱሉንግ ግንባር ተሰፋ፤ ሌሎቹ ደህና ናቸው።

በሚቀጥለው እሁድ ቤተ ክርስቲያን የምስክርነት ሰዓት ሲደርስ እማማ ሱሉንግ ግንባራቸው በፋሻ እንደታሰረ ተነሱ።

"ላቦ አዲስ ብረት ባያስገባልን አልቀን ነበር። አዲሱ እንኳ ተሰበረ፤ አሮጌው ቢሆን አስቡት!"

"አሜን!" አለ ሕዝቡ።

"ተነሳ እንጂ ላቦ፣ ምን ያሳፍርሃል?" አሉ መጋቢው።

ተነሳሁ። "የጣላቸው የኔው ሥራ ነው" አልኩ።

"አሜን! ትሕትና ማለት ይሄ ነው!" አሉ መጋቢው። ተጨበጨበልኝ።

"ያለቅሳል እኮ፣ የኔ ጌታ" አሉ እማማ ሱሉንግ።

ላብ ነበር። አግዳሚ ወንበሩ እንደዚያ ቀን አምሮኝ አያውቅም፤ ልቀመጥ ጎንበስ ስል ታጋልን አየሁት። አያጨበጭብም። የተሰበረውን ብራቾ ፈትቶ ያወጣው እሱ ነው፤ በቀለሙ ስር ያለውን ዝገት አይቷል። እስክናገር ይጠብቀኛል።

"ትሕትና አይደለም" አልኩ። "አዲስ አልነበረም። አሮጌውን በይጄ ቀለም ቀባሁት። የብየዳው እሳት ብረቱን አድርቆ ተሰባሪ አደረገው፤ እዚያው ብየዳው ጥግ ላይ ተበጠሰ። አዲስ ነው ያልኩት ውሸት ነው።"

አሜን ያለ የለም። እማማ ሱሉንግ ግንባራቸውን ዳሰሱ።

"ስድስት ሰው ነበርን" አሉ። መጋቢው ቶሎ መዝሙር አስጀመሩ።

ስንወጣ ታጋል በሩ ላይ ያዘኝ።

"ብትቀመጥ እኔ ልነሳ ነበር።"

"አውቃለሁ።"

"አዲሱ ማክሰኞ ይደርሳል። አንተ ትገጥመዋለህ።"

ይቅር ያለኝ መሰለኝ። ማክሰኞ ዕቃውን እንደታሸገ ይዞ መጣ፤ እናቱንም ይዞ መጣ። እማማ ሱሉንግ በርጩማ አስመጥተው ከጎማው አጠገብ ተቀመጡ። ካርቶኑን በራሳቸው እጅ ከፈቱ። ብራቾውን እያገላበጡ፣ ቀለሙ ይለቅ እንደሆነ በጥፍራቸው ከዚህም ከዚያም ፋቅ ፋቅ አደረጉት። ከዚያ አቀበሉኝ።

"በል እሰር፣ ልጄ" አሉኝ።

የመጨረሻው ብሎን እስኪጠብቅ ከበርጩማው አልተነሱም።