ያልዳነ ጉልበትም ይቆጠራል

ዳኛዋ የተጎዳችው ሜዳ ላይ አይደለም። ይህን ስታወራ ትንሽ ታፍራለች። ለዓመታት ኳስ ተከትላ ስትሮጥ፣ ስትገፋ፣ ስትሰደብ ምንም ያልሆነች ሴት መልበሻ ክፍል ውስጥ እርጥብ ወለል አዳለጣትና ቀኝ ጉልበቷ ተጣመመ። እብጠቱ ሲጎድል የዳነች መስሏት ፊሽካዋን አንጠልጥላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ውሎ ሲያድር ግን ሮጣ ድንገት ስትቆም ጉልበቷ ይቆለፍባት፣ ደረጃ ስትወርድ አሸዋ እንደገባበት ማጠፊያ ይንኮሻኮሽባት ጀመር። አንድ ቀን ፍጹም ቅጣት ምት ሰጥታ፣ ወደ ቦታው እያነከሰች ስትሄድ ያዩዋት ተጫዋቾች መጨቃጨቁን ትተው አዘኑላት። ነገሩ የማይሆን መሆኑ የገባት ያኔ ነው። የሚጨቃጨቁት ዳኛ እንጂ የሚያዝኑለት ዳኛ ሜዳ ላይ አይቆይም።

የአጥንት ሐኪሟ የጉልበቷን የኤምአርአይ ፎቶ ስክሪን ላይ አውጥታ በእስክሪብቶ ጫፍ አሳየቻት። አጥንትና አጥንት እንዳይፋጩ ጫፋቸውን የሚያለብሰው ለስላሳ ሽፋን፣ ልም አጥንት የሚሉት፣ በአውራ ጣት ጥፍር ልክ ተልጦ ነበር። ደም ስለማይደርሰው አንዴ ከተላጠ እንደ ቆዳ መልሶ አይሞላም። ሐኪሟ ሁለት ዓይነት ቀዶ ጥገና እንዳለ ነገረቻት። አንደኛው የቆየ ነው፦ የተላጠውን ቦታ ጠርገው አጥንቱን በጥቃቅን ቀዳዳዎች ይበሱታል፤ ከውስጥ የሚወጣው ደምና መቅኔ ረግቶ ቦታውን ይሸፍነዋል። ሁለተኛው አዲስ ነው፦ ከጤነኛው ልም አጥንት ቅንጣት ቆርሰው ላቦራቶሪ ውስጥ ያራቡትና በሌላ ቀዶ ጥገና መልሰው ይተክሉታል። የትኛው እንደሚሻል ለማወቅ ሆስፒታሉ ጥናት እያካሄደ ነበር። ፈቃደኛ የሆነ ሰው ይገባል፤ የሚደረግለትን ግን ኮምፒውተር በዕጣ ይወስናል።

"እርስዎ ቢሆኑ የቱን ይመርጡ ነበር?" አለቻት ዳኛዋ።

"ባውቀው ኖሮ ጥናቱ አያስፈልግም ነበር" አለች ሐኪሟ።

ዳኛዋ መልሱን ወደደችው፤ ፈረመችም። በልቧ ግን አዲሱ እንደሚደርሳት ቆርጣ ነበር። ለባሏም፣ አብረዋቸው ለሚኖሩት ለአማቷም ያወራችው ስለ አዲሱ ብቻ ነው። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል እንዲሉ፣ ዕጣው ሲወጣ የደረሳት አሮጌው ሆነ። ቤት ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ ሶፋው ላይ ተዘረረች። አናጺ ባሏ ውኃ ሊያመጣላት ወደ ጓዳ ገባ። አማቷ ግን የሚያባብሉ ሰው አልነበሩም፤ "ልጄ፣ በየሳምንቱ ሳንቲም እየወረወርሽ ‘ዕጣ ነው፣ ተቀበሉ’ ስትዪ ኖረሽ፣ ባንቺ ሲወረወር ነው የሚከፋሽ?" አሏት። ዳኛዋ ፊቷን ወደ ሶፋው መደገፊያ አዞረች።

በማግስቱ ሄዳ ከጥናቱ ልውጣ ብትል መብቷ እንደሆነ ሐኪሟ ነገረቻት። ከወጣች ግን የምታገኘው ያንኑ የቆየውን ነው፤ አዲሱ ከጥናቱ ውጭ ገና አይሰጥም። ዳኛዋ እያጉረመረመች ቀረች።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ ለብዙ ሳምንታት በክራንች ሄደች። ከዚያ ፊዚዮቴራፒ ጀመረች፤ ጋሽ ሴራሚክን የተዋወቀችውም እዚያ ነው። ስማቸውን የሚጠራ አልነበረም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ተንበርክከው በሰው መታጠቢያ ቤት ሴራሚክ ሲያነጥፉ የኖሩ፣ ሳቂታ፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው ናቸው። በዚያው ጥናት አዲሱ የደረሰው ለሳቸው ነበር። "የራሴን አጥንት ችግኝ አፍልተው ነው የተከሉልኝ፤ ውኃ ማጠጣት ብቻ ነው የቀረኝ" እያሉ ክፍሉን ያስቁታል። ዳኛዋም ትስቃለች፤ ሳቋ ግን ከጥርሷ አያልፍም። መልመጃውን በአንድ ቀን ጀምረው እሳቸው ጉልበታቸውን እንደ ልብ ሲያጥፉ የእሷ ግማሽ መንገድ ላይ ሲቆም፣ ያጣችውን በዓይኗ የምታይ ይመስላታል።

በየጊዜው ጉልበታቸው የሚለካበት ቀን ነበራቸው። የምትለካቸው ባለሙያ ለየትኛው ሰው የትኛው ቀዶ ጥገና እንደተደረገ ማወቅ ስለሌለባት ሁለቱም ጠባሳቸውን በላስቲክ ጨርቅ ሸፍነው ይገባሉ። ጋሽ ሴራሚክ ሊያወሯት አፋቸውን ሲከፍቱ እጇን አንስታ ታስቆማቸዋለች። ቁጢጥ ይላሉ፣ በአንድ እግር ይቆማሉ፣ ሕመማቸውን ከዜሮ እስከ አሥር ይሰጣሉ። ጋሽ ሴራሚክ ሁልጊዜ ዜሮ ነው የሚሉት።

አንድ ዓመት ሲያልፍ ነገሩ ተገለበጠ። የዳኛዋ ጉልበት ቀስ እያለ ተፈታ፤ በመጀመሪያ በመሮጫ ማሽን፣ ቀጥሎ በሜዳው ዙሪያ ሶምሶማ ጀመረች። ጋሽ ሴራሚክ ደግሞ ጨዋታቸው ቀነሰ። ከወንበር ሲነሱ ጠረጴዛ ይደገፋሉ። አንድ ቀን መልመጃው መሐል ጉልበታቸው ቀጭ ብሎ ተቆለፈና ግድግዳ ይዘው ለረጅም ጊዜ ቆሙ። ማንንም አልጠሩም። ዳኛዋ ከመስተዋቱ ውስጥ አየቻቸው። ደነገጠች፤ ግን አንጀቷ ቅቤ አልጠጣም ቢባል ውሸት ይሆናል። ይህን ስሜቷን ለማንም አልነገረችም፤ ራሷም ቶሎ ሸፈነችው።

ከዚያ በኋላ ሰውየው ቀሩ። የሁለተኛው ዓመት መለኪያ፣ የመጨረሻው፣ ደረሰ። የጥናቱ ነርስ ስልክ እየደወለችላቸው መልስ ሲጠፋ ዳኛዋ ሰምታለች። ጠየቀቻት፤ ነርሷ ስለ ሌላ ታካሚ ማውራት እንደማትችል ነገረቻት። ሐኪሟንም ጠየቀች። ሐኪሟ ስም ሳታነሳ፣ ማንንም ማስገደድ እንደማይቻል፣ ግን በእንዲህ ያለ ጥናት ላይ ብዙ ጊዜ የሚጠፉት የባሰባቸው እንደሆኑና ውጤቱን የሚያበላሸውም ይህ እንደሆነ አስረዳቻት። ዳኛዋ ቤቷ ስትገባ ያ መስተዋት ከፊቷ አልጠፋ አላት።

ጋሽ ሴራሚክ የሚሠሩበትን ሕንጻ ከጨዋታቸው ታውቀው ነበር። ሄደች። አሳንሰሩ ገና ስላልተገጠመ ቀስ እያለች በደረጃ ወጣች። አንድ በር የሌለው መታጠቢያ ቤት ውስጥ አገኘቻቸው፤ ዝቅተኛ ሳጥን ላይ ተቀምጠው፣ አንድ እግራቸውን እንደ እንጨት ዘርግተው፣ ወደ ጎን እያጎነበሱ ሴራሚክ ያስቀምጣሉ።

"ጋሼ፣ ጠፉብን።"

"ሥራ በዛ" አሉ ቀና ሳይሉ። አንድ ባልዲ ገልብጠው እንድትቀመጥ አመለከቷት። ስለ ባሏ ጠየቁ፣ ስለ አማቷ ጠየቁ፣ ስለ ሩጫዋ ጠየቁ። በመጨረሻ ዳኛዋ የመጨረሻው መለኪያ እንደቀራቸው ስታነሳ በላስቲክ መዶሻቸው የተነጠፈውን ኳ ኳ አድርገው ከሥሩ ክፍተት እንደሌለ በድምፁ አጣሩ።

"ከገዛ ሥጋዬ ቆርሰው፣ አሳድገው፣ እንካ ብለው ሰጡኝ" አሉ። "ያቺ ሐኪም በየጊዜው ስታየኝ ፊቷ ይበራ ነበር። አሁን ሄጄ ምን ልበላት? ችግኙ ሞተብኝ ልበላት?"

"እርስዎ ምን አደረጉ? የታዘዙትን ሁሉ አድርገዋል።"

"አድርጌያለሁ። እሱ ነው የባሰው።"

ዳኛዋ በመንገድ ላይ ያዘጋጀችውን ንግግር ትታ የመጣላትን ተናገረች። "ደህና የሆንነው ብቻ ሄደን ከተለካን ሰው ሁሉ የዳነ ይመስላል። ነገ ሌላ ሴራሚክ ሠሪ ያንን አምኖ የቀዶ ጥገና አልጋ ላይ ይወጣል።"

"አንቺ ስለዳንሽ ነው የምታወሪው።"

"አዎ" አለች። "ስለዳንኩ ነው። እርስዎ ሲሻልዎት ደግሞ ቀንቼብዎት ነበር።"

ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩዋት። ከዚያ ሲሚንቶው እንዳይደርቅባቸው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ዳኛዋም ነገር ያበላሸች መስሏት ደረጃውን ወረደች።

በሳምንቱ ግን መጡ። ጉልበታቸውን በላስቲክ ጨርቅ ሸፍነው፣ የታጠበ ሸሚዝ ለብሰው፣ ወረፋቸውን ጠብቀው ገቡ። ቁጢጥ እንዲሉ ሲጠየቁ እንደማይችሉ ተናገሩ። ሕመሙን ሲጠየቁ ስምንት አሉ። ለኪዋ ያሉትን ጻፈች፤ ፊቷ ላይ የተለወጠ ነገር አልነበረም። በኋላ ሐኪሟ የተተከለው ቁራጭ ጠርዙ ተነስቶ መገጣጠሚያው ውስጥ እንደሚንሳፈፍ በፎቶ አይታ በቀዶ ጥገና አወጣችላቸው። "ፊቷን አላጠቆረችብኝም" ብለው ለዳኛዋ ነገሯት፤ "ቀድመው ቢመጡ ኖሮ ይህን ያህል አይሠቃዩም ነበር ብቻ ነው ያለችኝ።"

ውጤቱ የተነገረው ተሳታፊዎቹ በተጠሩበት በሆስፒታሉ አዳራሽ ነው። ሐኪሟ መነጽሯን አውልቃ በቀላል ቋንቋ አስረዳች። በሁለት ዓመት ውስጥ ሁለቱ ወገኖች በሕመምም በእንቅስቃሴም ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላሳዩም፤ በአዲሱ በኩል ግን ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል የተመለሱት በዛ ብለው ነበር። ከረጅም ጊዜ በኋላ ምን እንደሚሆን ገና አይታወቅም። ይህን ለመናገር የቻሉትም የባሰባቸው ሰዎች ተመልሰው ስለመጡ እንደሆነ ተናገረች። ጋሽ ሴራሚክ የጫማቸውን ማሰሪያ ያዩ ነበር።

ዳኛዋ ያኔ የዋናውን ሊግ የሩጫ ፈተና ወድቃ የታችኛውን አልፋ ነበር። የታዳጊዎችን ጨዋታ ትዳኛለች፤ ከጨዋታ በኋላ ጉልበቷ ይሞቃል፣ ያድርና ይበርዳል። ጋሽ ሴራሚክም መንበርከኩን ለአማቻቸው ትተው ቆመው ሴራሚክ ይቆርጣሉ።

ከአዳራሹ ወጥተው ታክሲ ሲጠብቁ ድንገት ጠየቋት፦ "ዛሬ ምረጪ ቢሉሽ የቱን ትመርጫለሽ?"

ዳኛዋ አሰበች። ሁሉን ሰምታለች፤ ሁሉን አይታለች።

"አዲሱን" አለች።

"እኔም" አሉ ጋሽ ሴራሚክ፤ ሁለቱም ሳቁ። ታክሲው ሲደርስ መጀመሪያ እሳቸው ገቡ፤ የማይታጠፈውን እግር ለመዘርጋት የፊት ወንበር ያስፈልጋቸው ነበር።