ለማርቆስ አየር የተበጀች ኮሮላ

መካኒኩ ደመላሽ ሞተር ሲያዳምጥ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ቅዳሴ ላይ እንኳ እንዲያ አይመሰጥም እያልን እናሾፍበታለን። የጎረቤታችንን የአገኘሁን አሮጌ ኮሮላ ያለ ምንም ቱርቦ ፈረስ ያደረጋት እሱ ነው። የሞተሩን ክዳን፣ ቴስታታውን፣ አስፍቆ፣ ፒስተኑ አየሩን ጠበቅ አድርጎ እንዲያምቅ አደረገ፤ ካንዴላውም እሳቱን ቀደም ብሎ እንዲሰጥ አስተካከለ። የከተማችን የማርቆስ የደጋ አየር ስስ ነውና ሞተሩ አላጉረመረመም፤ በይጁቤ መንገድ ያለውን ዳገት ሁሉ ዘለቀው።

«አዲስ አበባስ ታደርሰኛለች?» አለ አገኘሁ። «እናቴን ለዓይን ሕክምና ልወስዳት ነው።»

ደመላሽ ዓባይ በረሃ ትዝ አለው። እዚያ ታች አየሩ ይወፍራል፣ ይሞቃል፤ ለደጋ የተበጀ ሞተር ያንን ሲጠጣ ያንኳኳል፣ ይቃጠላል። እሳቱን መልሶ ማዘግየት ግማሽ ሰዓት አይፈጅም ነበር። ግን ጉልበቷ ሊቀንስ ነው፤ ሰዉ ደግሞ ገና አድንቆ አልጨረሰም።

«አውሮፕላን ቢቀድማችሁ ነው!» አለ።

ከዓባይ ድልድይ ማዶ፣ ዳገቱ እኩሌታ ላይ ክዳኑን የሚያሽገው ጓርኒሲዮን ተቃጥሎ ኮሮላዋ በእንፋሎት ታፈነች። ደመላሽ ራሱ ወርዶ በፒካፕ ጎትቶ አመጣቸው። አገኘሁ «ውሃዋን ሳላይ ወጥቼ ነው» ሲል፣ ደመላሽ ጎንበስ ብሎ ገመድ ማጥበቅ ያዘ። የእናቱ የእማማ ይታይሽ የሕክምና ቀጠሮ አለፈ፤ ሌላው ከሁለት ወር በኋላ ተቆረጠ።

በአራተኛው ቀን እማማ በዱላቸው እየዳበሱ ጋራዡ ድረስ መጡ። በነጠላቸው ጫፍ ትኩስ ዳቦ ቋጥረዋል።

«እጅህ ይባረክ ደምሌ። ያ ዝንጉ ልጄ በረሃ ላይ ሊቀብረኝ ነበር! ይኸው እስከ ዛሬ እረግመዋለሁ።»

ዳቦው ከነሙቀቱ እጁ ላይ ቀረ። መቁረስ አቃተው።

«እማማ... ውሃ አልጎደለም። ጥፋቱ የእኔ ነው። መኪናዋ ዓባይን እንደማትችል እያወቅሁ ዝም አልሁ።»

እማማ የፈዘዘ ዓይናቸውን ወደ ድምፁ አዞሩ።

«ስለምን?»

«እንድደነቅ።»

«ኧረ አንተስ! ምርቃቱን አልነጥቅህም፤ አንዴ ከአፌ ወጥቷል። ልጄ ላይ ያወረድሁትን እርግማን ግን ሂድና ፊቱ ቆመህ አንሣለት። እኔንም ምራኝ፤ የዓይኔን ሕክምና ያዘገየኸው አንተ ነህ።»

ደመላሽ እጁን በቱታው ጠራርጎ ክንዳቸውን ያዘ። አገኘሁ በራሱ ቤት ደጅ፣ ከሞተችው ኮሮላ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ፣ ሁለተኛ ውሃ ላለመርሳት የገዛውን አዲስ ጀሪካን ያጥባል።

«አስቀምጠው» አለው ደመላሽ። «ጀሪካኑን አስቀምጠውና ስማኝ።»