ከውሃ በታች ያለው

ኤክሬም ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገባና፣ ለቅሶ የተቀመጡት ሴቶች መሃል መቆሙ እያሳፈረው፣ ወደ ሚስቱ እህት ጎንበስ አለ።

«ሰኒሃ፣ በዚህ ሰዓት የሚወራ አልነበረም... ጀልባሽ ከኋላዋ ዝቅ ብላለች።»

«ዝቅ ብላለች ማለት?»

«ጎኗ ላይ ያለችው ቀይዋ የውሃ ልክ መስመር አትታይም። ትናንት ትታይ ነበር።»

«እንግዲያው ገመዱን የነካካ ሰው አለ» አለች ሰኒሃ፣ ጥቁር ሻሿን ወደ ግንባሯ እየሳበች። «የኔ ጀልባ ጠብታ አታስገባም። ሙዛፈር ስንት ጊዜ ምሎልኛል።»

ሴቶቹ ተያዩ። ወጥ ቤት ውስጥ ለለቅሶ የሚቀርበውን ጣፋጭ ሃላዋ ስታማስል የነበረችው ፔሪሃን ማንኪያዋን ቀጥ አደረገች፤ ከዚያ እንደገና ማማሰል ጀመረች።

የሰኒሃ ባል ሙዛፈር ከተቀበረ ገና ሦስተኛ ቀኑ ነው። ዳቦ ቤቱ በር ላይ፣ «ዳቦህ ነፋስ ብቻ ነው» እያለ ከጋጋሪው ጋር ሲጨቃጨቅ፣ ዳቦውን ብብቱ ስር እንደያዘ ነው ልቡ ቀጥ ያለችው። የወደብ ከተማችን የቦዝቡሩን ሰው ሁሉ አዘነ። ጋጋሪው ከሁሉም አብዝቶ አዘነ፤ የመጨረሻዋን ቃል የተናገረው ሟቹ ስለሆነ መልስ መስጠት አልቻለም።

ሰኒሃን እህቷ ኔዚሄ በዚያው ቀን ወደቡ ላይ ከምትኖርባት ጀልባ አንስታ ወደ ቤቷ ወሰደቻት። ለቅሶ በጀልባ ላይ አይቀመጡም። አጽናኙ ሁሉ ከተሳፈረባት ሟቹን ተከትላ ትሄዳለች ብሎ የቀለደም ነበር፤ ያን ጊዜ ቀልድ መስሎን ሳቅን።

«እኔ የምልሽ» አለች ኔዚሄ የሻይ ብርጭቆዎቹን እየሰበሰበች፣ «ብቻሽን ውሃ ላይ ምን ልትሠሪ ነው? ትርፍ ክፍል አለኝ። ኤክሬም ያገኘው ገዢ አርባው ሲወጣ ከኢዝሚር መጥቶ ጀልባዋን ይያት፤ ከወደዳት ይውሰዳት።»

«ቤቴን የሚያይ ሰው የለም።»

«ቤት! በገመድ የታሰረ ነገር ቤት ይባላል?»

«ያንቺው መሬት ላይ ቆሞም ጣራው ያፈሳል። የኔ አያፈስም።»

ኔዚሄ ቀና ብላ ጣራውን አየች።

ሙዛፈር ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው ነበር። ባሕር የሚያየው በመስታወት ነው፣ ያውም መንገዱ ሲጠመዘዝ። ጡረታ ሲወጣ ያቺን አሮጌ ባለ ሸራ የእንጨት ጀልባ አየና እንደ ልጅ ታመመባት። ጀልባዋ የተገዛችው ሰኒሃ ከአባቷ የወረሰችው የወይራ ዛፍ ተሽጦ ነው። የሸጠች ቀን ዛፎቹን አንድ በአንድ እየዳበሰች ስታለቅስ፣ እጇን ይዞ «ዛፎችሽን ውሃ አይበላቸውም» አላት። «አንድ ጠብታ አላስገባባትም። ከውሃ በላይ ያለው ያንቺ፣ ከውሃ በታች ያለው የኔ።»

ሥራውን እንደዚያው ተካፈሉት። በየጸደዩ ጀልባዋ ወደ ዳርቻው ስትሳብ፣ እሷ ላይ ሆና ቫርኒሹን ትቀባለች፣ ሸራውን ትጠግናለች። እሱ ከስር ተጋድሞ ውሃ እንዳያስገቡ በጣውላዎቹ መሃል ጥጥ እየጠቀጠቀ ቀዩን ቀለም ይቀባል። ሲሰዳደቡ ወደቡ ሁሉ ይሰማቸዋል።

«አንተ ሾፌር! ከጀልባዋ ይልቅ ራስህን ቀብተሃል!»

«አንቺ ቫርኒሹን ቀቢ እንጂ አትላሺው!»

ከሁለት ጸደይ ወዲህ ግን ሙዛፈር ከስር እንድታይ አልፈቀደላትም። አንድ ቀን ጀልባ ሠሪው መጥቶ የጀልባዋን ሆድ በመዶሻ አንኳኳ፤ ሁለቱ በሹክሹክታ ተነጋገሩ። ሰውዬው ራሱን እየነቀነቀ ሄደ። ሙዛፈር እጁን በሱሪው እየጠረገ ወጣና «ድንጋይ ናት አለኝ» አላት። ከዚያ ወዲህ ገና ሳይነጋ መነሳት ለመደ። ሰማዩን ለማየት ነው ይላል። ተደብቆ የሚያጨስ መስሏት፣ እንዳላወቀች ሆና ትተኛ ነበር። በሞተበትም ጠዋት ሰማዩን አይቶ ነው ዳቦ ሊገዛ የወጣው።

በዚያው ሰሞን የእናቷ ሐምራዊ ሻሽ፣ ጠርዙ ላይ አበባ በመርፌ የተሠራበት፣ ከተሰጣበት ገመድ ላይ ጠፋ። ጎናቸው የታሰረችው ጀልባ የፔሪሃን ናት። ሰኒሃ መርማሪ አላስፈለጋትም፤ ወደቡ መሃል ቆማ «ሌባ!» አለቻት። ፔሪሃን አንድ ቃል አልመለሰችም። እኛም ዝምታዋን እንደ ማመን ቆጠርነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታ የለም። ሙዛፈር ሲሞት ግን ፔሪሃን ማንም ሳይጠራት መጣች፣ ማንኪያውን ከኔዚሄ እጅ ወሰደች፣ ምድጃው ፊት ቆመች።

አሁን ያንኑ ማንኪያ እንደያዘች በሩ ላይ ብቅ አለች።

«ቁልፉ አንቺ ጋ ነው» አለች። «ስጪኝ ብልሽ አትሰጪኝም። ራስሽ ሂጂ። አሁን።»

«አንቺን ስለ ጀልባዬ ምን አገባሽ?»

«እስከ ነገ ከተቀመጥሽ የሚተርፍሽ ገመዱ ነው።»

«ሐዘንተኛ ከቤት አትወጣም!» አለች ኔዚሄ። «ሰው ምን ይላል?»

ሰኒሃ የፔሪሃንን ፊት ለአፍታ አየችና ተነሳች። «ሰው ብቀመጥም ያወራል» አለች። በር ላይ እግሯ ያገኘውን የኤክሬምን ሰፊ ጫማ አጥልቃ፣ እየጎተተች ወረደች።

የጀልባዋን በር ስትከፍት ውሃው ከወለሉ በላይ ነበር። የሙዛፈር አንድ እግር ነጠላ ጫማ እየተንሳፈፈ፣ እንደለመደ ድመት ወደ እሷ መጣ። ቆማ አየችው።

«ውሸታም» አለች ቀስ ብላ።

ኋላ ያለውን የአግዳሚ መቀመጫ ክዳን አነሳች። ቀለም ነው፣ እጅሽን ታቆሽሻለሽ እያለ የማያስነካት ቦታ ነው። ዝጎ ሞቷል ያላት የእጅ ፓምፕ እዚያ አለ፤ እጀታው በመያዝ ብዛት አብረቅርቋል። መታጠፊያው ላይ ጨርቅ ተጠምጥሟል። ጨርቁ በግሪስ ጠቁሯል። ጠርዙ ላይ ግን ሐምራዊ የመርፌ አበቦች ይታያሉ።

ፔሪሃን ወደቡ ላይ ደርሳ ነበር።

«ታውቂ ነበር?» አለቻት ሰኒሃ ቀና ሳትል።

«ውሃው በየማለዳው ጎኔ ይፈሳል፤ እንዴት አላውቅም?»

«ሻሹንስ?»

«ሲጠመጥመው አየሁት። ፓምፑ ይጮሃል፤ እንዳትነቂ ነው። ሲያየኝ ጣቱን አፉ ላይ አደረገ።»

«ሌባ ስልሽም?»

«ከኋላሽ ቆሞ ነበር። ያኔም ጣቱን አፉ ላይ አደረገ።»

ሰኒሃ ሳቀች፤ አስቀያሚ ሳቅ ነበር። «ግሪስ ብቻውን ይበቃው ነበር እኮ! ለዚህ የእናቴን ሻሽ! ሾፌር!» ከዚያ ዞራ አየቻት። «አንቺም ከሱ አትሻዪም።»

«አልሻልም» አለች ፔሪሃን።

ሰኒሃ ሻሹን ከመታጠፊያው ላይ ፈልቅቃ ወረወረችውና እጀታውን ጨበጠች። ፓምፑ ጮኸ። ቡና ቤቱ ደጃፍ ካርታ የሚጫወቱት ሁሉ ዞሩ። እሷ አላቆመችም፤ የሁለት ዓመቱን ዝምታ በአንድ ከሰዓት በኋላ ልታስጮኸው ይመስል ትገፋለች፣ ትስባለች። ውሃው ከጎኗ ይፈሳል። ፔሪሃን ልቀበልሽ ብትል ክርኗን አሳየቻት። ቀይዋ መስመር ብቅ ስትል ፀሐይዋ ተራራው ላይ ነበረች።

«እና ሰውዬውን ምን ልበለው?» አለ ኤክሬም በካልሲው ወደቡ ላይ ቆሞ።

«እውነቱን ንገረው፤ በስብሳለች በለው። ከዚያም ከመጣ ሻይ አፈላለታለሁ።»

«ይቺን ማን ይገዛል እንግዲህ!»

«ማንም አይገዛትም» አለች ሰኒሃ። «ዛፎቼን ውሃ በልቷቸዋል።»

ወደ ኔዚሄ ቤት አልተመለሰችም፤ ጥላት ካደረች ጀልባዋ ሌላ ጠዋት የላትም። ስለዚህ ለቅሶው ወደ እሷ ወረደ። እኛ ሴቶቹ በተገለበጡ ትንንሽ ጀልባዎች ላይ ተደርድረን ሃላዋውን በላን። ፔሪሃን ሳህን ስታቀብላት ሰኒሃ ተቀበለች። ይቅርታ ግን ከአፏ አልወጣም፤ ፔሪሃንም የጠበቀች አትመስልም።

ጎህ ሳይቀድ ሰኒሃን የእግሯ ብርድ ቀሰቀሳት። ተነሳች፣ ክዳኑን አነሳች፣ እጀታውን አንድ ጊዜ ገፋች። ጮኸ። እጇ ባለበት ቀረ። ዞራ ወደ ፊተኛው ክፍል አየች፤ አልጋው ላይ፣ ሁልጊዜ እሷ የምትተኛበት ጎን፣ ብርድ ልብሱ እንደተገለጠ ነው።

ጎንበስ ብላ ሻሹን ከወለሉ ፈለገችው። ጨመቀችው። የድሮው እጥፋት ምልክት አለው፤ እሱን ተከትላ መታጠፊያው ላይ ጠመጠመችው፣ ጫፉንም እሱ እንዳደረገው ወደ ውስጥ ሸጎጠችው።

ከዚያ ቀስ ብላ፣ ሰው እንዳይነቃ እየተጠነቀቀች፣ ውሃውን ታወጣ ጀመር።